የሟች ልጄ ስም የተጠራ ዕለት

በእኛ ጊዜ፣ ማለቴ እኛ ልጅ በምናሳድግበት ጊዜ፣ እዚህ በኬንያው ሞያሌ ልጅ ትምህርት ቤት መላክ እንዲህ እንደ አሁኑ ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንተም የምትጽፈው ልጅ፣ ይኸን ጻፍ። የክፍል ክፍያ አለ፣ የሕንፃ ማሠሪያ አለ፣ የወንበር አለ፣ የዘበኛ አለ። ያልከፈለውን ልጅ ከሰልፍ መሐል ያወጡትና «ሂድ፣ አባትህን ይዘህ ና!» ይሉታል። እኛ ሱቅ ደጅ ላይ ነበር የሚያልፉት፣ ደብተራቸውን በፌስታል አንጠልጥለው ሲመለሱ። አንዳንዱ በዚያው ይቀራል፣ በቃ፣ ግመል ይከተላል፣ ትምህርት የሚባል አይወራም።

እኔና ባለቤቴ ሰዒድ ከወሎ ነው የመጣነው፣ ታውቃላችሁ። ጨርቅና ጫማ ነው የምንነግደው። ታዲያ የበኩር ልጃችን ሐሊማ ትባል ነበር። እዚሁ ሆስፒታል ነው የወለድኳት፣ የልደት ወረቀት ነበራት፣ ያን ጊዜ ወረቀት ያለው ልጅ ስንት ነበር መሰላችሁ! እና እዚያው ትምህርት ቤት ነርሰሪ፣ የሕፃናት ክፍል ማለት ነው፣ አስገባናት፣ ወረቀቷንም ትምህርት ቤቱ ተቀብሎ ፋይል ውስጥ አስቀመጠው። ስድስት ዓመቷ ነበር። ወባ ያዛት። ሰኞ ራሴን አመመኝ አለች፣ ሐሙስ ቀበርናት። አላህ ይርሐማት።

እዚህ አገር እናት በበኩር ልጇ ነው የምትጠራው፣ አይደል? እኔም «ማማ ሐሊማ» ነበርኩ። እሷ ከሞተች በኋላ ማንም ሳይነግራቸው ጎረቤቶቼ በታናሽ ወንድሟ ስም «ማማ አብዱ» ማለት ጀመሩ። ለእኔ አዝነው ነው። ሰዒድ ደግሞ ስሟን ከአፉ አላወጣም። ስንት ዓመት ሙሉ። እኔ ስጠራት እንኳ ተነሥቶ ይወጣል።

ታዲያ መንግሥት ተለወጠ ተባለና አንድ ቀን ሬዲዮ «የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በነጻ ሆኗል» አለ። ቡሬ! ቡሬ ማለት በስዋሂሊ ነጻ ማለት ነው፣ ገበያው ሁሉ ቡሬ ቡሬ ሆነ። ሰዒድ ሬዲዮኑን በጆሮው አስጠግቶ ደግሞ ሰማና ምን አለኝ መሰላችሁ? «ሴትዮ፣ በሕይወቴ መንግሥት በነጻ ሲሰጥ ያየሁት ዱላ ነው» አለኝ። ቺፉ፣ የአካባቢው ሹም ማለት ነው፣ ደግሞ በድምፅ ማጉያ ሰፈር ለሰፈር እየዞረ «ልጁን ቤት ያስቀረ ወላጅ ይታሰራል!» ይላል። እኛ ደነገጥን። ትናንት ያልከፈለ ልጅ ይባረር ነበር፣ ዛሬ ያልላከው አባት ሊታሰር! እንዴት ነው ነገሩ?

እና ትምህርት ቤቱ በተከፈተ ቀን ብታዩ! ያ ሁሉ ልጅ የት ነበር እስክትሉ ድረስ። ከሄሉ ይመጣል፣ ከጎዶማ ይመጣል፣ ከኢትዮጵያ በኩል ድንበሩን ተሻግሮ ይመጣል፣ ጢም ያበቀለ ሁሉ አንደኛ ክፍል ልግባ ይላል። አንደኛ ክፍል ግድግዳ አልበቃውም፣ ግራሩ ሥር ወጣ። አስተማሪው አንድ ነው። ምዋሊሙ ጉዮ ነው የምንለው፣ ርእሰ መምህሩም እሱ ነው፣ ቦረና ነው፣ ቀጭን፣ ሲናገር የማይሰማ ሰው። አብዱዬንም ያን ዓመት እሱ ጋ አስገባሁት።

ታዲያ ወር ሁለት ወር እንደሄደ «ከላይ ቆጣሪዎች ይመጣሉ፣ ወላጅ ሁሉ ይገኝ» ተባለ። መንግሥት ገንዘቡን የሚልከው በልጅ ራስ ነው፣ እናም መዝገብ ላይ ያለው ልጅ በእርግጥ መኖሩን በዓይናቸው ማየት አለባቸው። ሄድኩ። ግራሩ ሥር እናቶች ጋር ቆምኩ። ቆጣሪው ሱፍ የለበሰ፣ ላቡ የሚንቆረቆር ሰው ነው፣ መዝገቡን ይዟል። ስም ይጠራል፣ ልጁ ይነሣል፣ «ፕረዘንት!» ይላል፣ ወላጁ እጁን ያወጣል፣ ምልክት ይደረጋል። «አብዱ ሰዒድ!» «ፕረዘንት!» እጄን አወጣሁ። ደስ ብሎኛል። ከጎኔ ካለችው ሴት ጋር ስለ ስኳር ዋጋ እያወራሁ ነበር፣ ወላሂ፣ እንዲያ እያወራሁ ሳለሁ ነው...

«ሐሊማ ሰዒድ!»

«ፕረዘንት!»

ሱብሐነላህ! ልጆቼ! በሬሳ ማጠቢያው ላይ ያየኋት ልጅ፣ በእጄ የገነዝኳት ልጅ፣ ስሟ ተጠርቶ «አለሁ» አለች! ዘወር ብዬ ለማየት ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ እሷን አያለሁ ብዬ ፈራሁ፣ ደግሞ እሷን አላይም ብዬ ፈራሁ። አየሁ። ረጅም፣ ከሲታ፣ ጭንቅላቷን የተላጨች ልጅ ናት፣ የማላውቃት። በአንድ እግሯ ቀይ ሸበጥ፣ በሌላው ሰማያዊ ሸበጥ አድርጋለች።

«የዚህች ልጅ ወላጅ ማን ነው?» አለ ቆጣሪው።

አንድም እጅ አልወጣም። ምዋሊሙን አየሁት፣ ከንፈሩ አመድ መስሏል። እኔ መኖሬን ያን ጊዜ ነው ያየው መሰለኝ። ልጅቷ ቆማለች፣ አትቀመጥም፣ ቀሚሷን ጨብጣለች።

«ወላጅ ከሌለ ይሰረዛል!» አለ ቆጣሪውና እስክሪብቶውን አነሣ።

«እኔ ነኝ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ማን ነው ያለው ብዬ ዞርኩ፣ ወላሂ ዞርኩ። ሰው ሁሉ እኔን ነው የሚያየው። ለካ እኔው ነኝ ያልኩት!

ቆጣሪው መዝገቡን አየ፣ እኔን አየ። «አብዱ ሰዒድም ያንቺ ነው ብለሻል። ሁለቱም አንደኛ ክፍል?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ይቺ ታላቅ ናት። እስከ ዛሬ የት ነበረች?»

ምን ልበል? «ቡሬ እስኪሆን እየጠበቅን ነዋ!» አልኩት። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፣ እሱም ሳቀ። ምልክቱን አደረገና «እሺ፣ ማማ ሐሊማ» አለኝ።

ማማ ሐሊማ። ሁለት ዓመት ያልተጠራሁበትን ስም! ያቺ ቃል ነች የጣለችኝ፣ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ቆጣሪዎቹ ሲሄዱ ምዋሊሙ ቢሮ ገባሁ። ሰላምታ የለ ምን የለ። «አንተ! የልጄን ስም ከመቃብር አውጥተህ ሸጥከው?» አልኩት። እንዲያ ጮኼ አላውቅም። እሱ እስክጨርስ ቆሞ ሰማኝ፣ ከዚያ በዚያ በማይሰማ ድምፁ፣ «ዳኪ ነው ስሟ» አለኝ። «ከብቶቻቸው በድርቅ አልቀው ከአክስቷ ጋር በእግር ነው የመጣችው። ወረቀት የላትም፣ እናት አባት የላትም። ትእዛዝ መጣልኝ፣ ወረቀት የሌለው ልጅ መዝገብ እንዳይገባ የሚል። መለስኳት። በማግስቱ መጣች። መለስኳት። ከመስኮቱ ሥር ቆማ ከውጭ ትማራለች። በአራተኛው ቀን ፋይል ስከፍት የሐሊማን ወረቀት አገኘሁ።»

«እና እኔን አትጠይቀኝም?»

«ልጠይቅሽ ሱቅሽ ድረስ መጥቻለሁ፣ ሁለት ጊዜ። ሁለቱንም ጊዜ ካልሲ ገዝቼ ተመለስኩ።»

እውነቱን ነው፣ ካልሲውን አስታወስኩ! ሊያስቀኝም ሊያስለቅሰኝም መጣ፣ ጥዬው ወጣሁ።

ቤት ገባሁና አብዱን ያዝኩት። «አንተ፣ የእህትህ ስም ሲጠራ ትሰማ ነበር?»

«በየቀኑ።»

«እና ለምን አልነገርከኝም?»

«አባባ ተነሥቶ እንዳይወጣ ብዬ» አለኝ። ሰባት ዓመቱ ነው እኮ! ይኸን ሁሉ በሆዱ ይዞ!

ታዲያ ለሰዒድ ነገርኩት። አይቀርም፣ ከሌላ ከሚሰማ። ፊቱ ደም መሰለ። «አስሰርዘዋለሁ» አለ። «ነገ በጠዋት አስሰርዘዋለሁ! ሙት ልጄን ለመንግሥት ገንዘብ ሊያስቆጥሩብኝ!» እኔ አልተከራከርኩም፣ ምን ብዬ? እውነት አለው። በጠዋት ወጣ፣ እኔም ኩታዬን አጣፍቼ ተከተልኩት።

እና ግራሩ ሥር ደረሰ። ልጅቷን ሳያስጠራ ራሱ በሁለት ቀለም ሸበጧ አወቃት። በላይዋ ቆመና በኦሮምኛ «ስምሽ ማነው?» አላት። እሷ ቆጣሪ መሰላት። ብድግ ብላ «ሐሊማ» አለች።

«አባትሽስ?»

«ሰዒድ።»

ፊት ለፊቱ! የራሱን ስም! እሱ ደግሞ፣ ያ ቁጡ ሰው፣ አያት፣ አያት፣ እግሯን አየ። ከዚያ ምዋሊሙን እንኳ ሳያናግር ዞሮ በአጠገቤ አለፈ፣ ያየኝም አልመሰለኝ። እየሮጥኩ ሱቅ ደረስኩ። ካርቶን እየገለባበጠ ነው።

«አስሰረዝከው ወይ?» አልኩት።

«ሠላሳ ሦስት ቁጥር የልጅ ጫማ የት ነው ያደረግሽው?» አለኝ።

በቃ። ከዚያ በኋላ ዳኪ ምሳዋን እኛ ጋ ነው የምትበላው፣ ከአብዱ ጋር እየተጣሉ ይማራሉ። ስንት ዓመት! ትምህርት ቤት «ሐሊማ»፣ ሰፈር «ዳኪ»። ልጅቷ ደግሞ እሳት ናት! አብዱን በሒሳብ ታስለቅሰው ነበር።

ታዲያ ስድስተኛ ክፍል ስትደርስ መጣችና «እማ፣ ስሙን ልመልስልሽ» አለችኝ። «የምን ስም?» ስላት፣ «ለብሔራዊ ፈተናው የተመዘገበ ስም ለዘላለም ነው ብሏል ምዋሊሙ። እኔ እንደ ሐሊማ ባልፍ እናቴ በመቃብሯ አታውቀኝም» አለች። አስቡት! ያን ጊዜ ቺፉ መስክሮለት ዘግይቶ የልደት ወረቀት ማውጣት ይቻል ነበር። እኔና አክስቷ ሄድን፣ ተመላለስን፣ ጣታችንን አተምን፣ ወረቀቷን አወጣንላት። ዳኪ ጃርሶ። ደስ አለኝ፣ ዘፈንኩ።

እና ወረቀቱን ይዘን ምዋሊሙ ቢሮ ገባን። መዝገቡን ዘረጋ። ማስመሪያ አደረገ፣ ሰውዬው ሲሰርዝ እንኳ ቀጥ አድርጎ ነው። እስክሪብቶውን ሐሊማ የሚለው ላይ ሲያሳርፍ «ቆይ!» ብዬ ጮኽኩ። ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም። ሁሉም ደነገጡ፣ እኔም ደነገጥኩ። ለካ በነዚያ ዓመታት ሁሉ ልጄ ትምህርት ቤት እየሄደች ነበር! በየጠዋቱ ስሟ እየተጠራ፣ አለሁ እያለች፣ ክፍል እያለፈች! ማንም ሳያውቅብኝ፣ እኔም ራሴ ሳላውቀው፣ በልቤ አሳድጌያት ኖሯል። ያን ቀን ደግሜ ልቀብራት ነው።

ዳኪ እጄን ያዘች። ምዋሊሙ ጠበቀኝ። ከዚያ «ሰርዝ» አልኩት፣ ሰረዘ።

ቤት መጥቼ ለሰዒድ ስነግረው ሊወጣ ተነሣ፣ እንደ ልማዱ። በር ላይ ደርሶ ተመለሰና «ነይ» አለኝ፣ «ለሐሊማ ዱዓ እናድርግላት።» ስሟን ጠራ! ከሞተች ጀምሮ የመጀመሪያው ነው። ተቃቅፈን አለቀስን፣ እንደ ቀበርናት ዕለት።

ዳኪ አለፈች፣ አልሐምዱሊላህ። ዛሬ ማርሳቢት ነርስ ናት፣ ስትመጣ ከእኔ ጋር ነው የምትተኛው፣ ስታንኮራፋ አይጣል ነው።

ይኸው ነው። ምነው ፋጡማ፣ ምን ያሳስቅሻል?

«አይ፣ እኔማ የገረመኝ...» አለች የተራኪዋ ጎረቤት ፋጡማ፣ «ዛሬ ሰው ሲዋሽ አፍንጫውን ይዘው የሚቆጡት እርስዎ፣ ያን ሁሉ ዓመት መንግሥትን ዋሹት ማለት ነው?»

እኔ? እኔ ነኝ የዋሸሁት? አንቺ ደግሞ! በነጻ ነው ተብሎ በወሩ «የጠመኔ አምጪ፣ የወንበር ጥገና አምጪ» ብለው ደጄ የቆሙት እነማን ናቸው? ቀድሞ የዋሸኝ እሱ! እኔ የመለስኩለት በአንዲት ልጅ ብቻ ነው፣ እሷንም አስተምሬ ነርስ አድርጌ ሰጠሁት። ይመርቀኝ እንጂ! ሃ ሃ ሃ! አንተ ልጅ፣ ይቺንም ጻፋት፣ እንዳትተዋት።