አንዴ ብቻ ይጫኑ

ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ወጣቶች ለአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ መመዝገቢያ ሶፍትዌር የሚሠሩ ባልደረቦች ነበሩ። እሱ ይሠራል፣ እሷ ትፈትሻለች።

«ከሰዓት እናስረክባለን። አልፏል በይና እንገላገል።»

«ከእኛ በቀር ማን ነካው?»

«በየሁለት ሳምንቱ እያሻሻልን አይደል የምናስረክበው? የቀረው ለሚቀጥለው ይደርሳል።»

«ባለፈውም እንዲሁ ብለህ የክሊኒኩ ሰዎች መለሱብን። አሁን ከመለሱት ሥራውን ለሌላ ነው የሚሰጡት።»

ስልኩን ይዛ ከጎኗ ወደተቀመጡት ባለጋቢ አዛውንት ዞረች፤ ስማቸውን ጠይቃ ጻፈች።

«አያ፣ እስቲ ይሞክሩልን። ስምዎን ጽፌዋለሁ፤ ይቺን አረንጓዴዋን ይጫኑ።»

«ምነው ልጄ፣ እኔ ምኑን አውቄ?»

«ስለማያውቁት ነው የፈለግንዎት።»

«እሽ። በስመ አብ» አሉና ተጫኑ። «ወወልድ» ብለው ደገሙ። «ወመንፈስ ቅዱስ» ብለው ሠለሱ።

«ኧረ አያ፣ አንዴ ነው!» አለ ልጁ።

«ሥራ ስጀምር አብን ብቻ ጠርቼ ልተው?»

ልጅቷ ስልኩን አየችው።

«ሦስት ሰው አድርጎ መዝግቧቸዋል።»

«ሸጋ ነው! አንዱ ለዓይኔ፣ አንዱ ለወገቤ፣ ሦስተኛውን ለባለቤቴ።»

«እንዲህ አድርጎ የሚጫን ሌላ ሰው የለም» አለ ልጁ።

«አያ፣ አገርዎ የት ነው?» አለች ልጅቷ።

«ኮሶዬ።»

«እዚያ ሰው ሥራ ሲጀምር እንዴት ነው?»

«ሁሉም እንዲሁ ነው። ደግሞ ሦስት የሆነው እኮ አሐዱ አምላክ ሳልል ይህ ልጅ ስላቋረጠኝ ነው።»

«ወራጅ!» አለ ልጁ።

«ወዴት?» አለችው።

«ቢሮ። ከሰዓት ሳይደርስ ሦስቱን አንድ ላድርጋቸው።»

እኔም የሶፍትዌር መምህር ነኝና ለነገ ክፍል ያዘጋጀሁትን ማስታወሻ ከቦርሳዬ አውጥቼ «ተጠቃሚው አንድ ጊዜ ይጫናል» የሚለውን መስመር ሰረዝኩት።