ዱካለ የለበጠው ክዳን

በእኛ ጊዜ፣ ልጆች፣ ከዲላ ወጥቶ ብረት ማቅለጫ የገባ ሰው እንደ ጉድ ይወራለት ነበር። እኔና የገደቡ ዱካለ ታዲያ ገባን፣ አንድ ክፍል ተከራይተን፣ ከአንድ ትሪ እየበላን። ሥራችን ምን መሰላችሁ? የቀለጠ ብረት የሚቀዳበት ትልቅ ባልዲ አለ፣ ክዳንም አለው፣ እና ክዳኑን ከውስጥ እሳት በሚችል ሲሚንቶ መለበጥ ነው። ልባሱ በሙቀት እየተሰነጠቀ ሲያስቸግር ጊዜ መርፌ የሚያካክሉ ሽቦዎች መጡልን። ፎርማኑ ጋሽ መኮንን፣ «ሲሚንቶው ውስጥ ቀላቅሏቸው፣ ጭቃ ውስጥ እንደሚገባ ጭድ ናቸው» አለን።

ጭድ ማለቱ ነው ያሳተን። ዱካለ ሽቦውን ባንዴ ገለበጠው፣ ውሃውን ለቀቀበት፣ ጫማውን አውልቆ ገባበት፣ ልክ አገር ቤት ደቦ ወጥቶ የቤት ጭቃ እንደሚረግጥ። እና «ወይ እግሬ፣ ወይ እግሬ» እያለ ወጣ። ልባሱም ገና በመጀመሪያው እሳት ረገፈ።

«ዱካለ፣» አለ ጋሽ መኮንን፣ «ጎጆ ልትሠራልኝ ነበር እንዴ?»

በዚያው ሰሞን ደግሞ ዱካለ ጠቅልሎ አገሩ ሊገባ ነበር። «እናቴ ብቻዋን ናት፣ ቡናው ይረግፋል። ግን አበላሽቶ ሸሸ እንዳልባል፣ የሚይዝ ክዳን ሠርቼ እሄዳለሁ» አለኝ። እኔ ምን ልበላችሁ፣ እንዲይዝ አልፈለግሁም። እሱ ከሄደ በዚያ ከተማ በጌዴኦኛ ማን ያጫውተኛል?

ታዲያ ሁለተኛውን ክዳን ሲለብጥ ውሃ ቆጥቦ፣ ማቀላቀያው እየዞረ ሽቦውን ትንሽ በትንሽ በተነበት፣ በለስላሳ እሳትም ቀስ አድርጎ አደረቀው። ብረት ተቀዳ፣ ክዳኑ ተነሳ፣ ሲቀዘቅዝ ቀድሜ ሄጄ አየሁ። የፀጉር ያህል ስንጥቅ አለች።

«ዱካለ፣ ተሰንጥቋል» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ በመዶሻ መታ መታ አደረጋት። «ይሰንጠቅ። ሽቦው ይዞታል፣ አይወድቅም።»

«ነገ ቢወድቅስ?»

«አንተ ሰው፣ እንድቆይ ከፈለግህ ቆይ በለኝ፣ ክዳኑን አትማው።»

አላልኩትም። ወንድሜን ዱካለን መናኸሪያ ሸኘሁት፣ ክዳኑም እውነትም አልወደቀም። ጡረታ ወጥቼ ስመለስ እሱ አፈር ለብሶ ጠበቀኝ። ዛሬም፣ ስሙኝማ፣ የገደብ አውቶቡስ በደጄ ሲያልፍ መስኮት መስኮቱን አያለሁ።

«አባባ፣ ታዲያ አብረኸው ለምን አልመጣህም?» አለች የልጅ ልጃቸው።

«ክዳኑንስ ማን ይጠብቀው?» አሉና ሳቁ፣ ሳቃቸው ግን ብዙም አልቆየም።