የአክስቷ ቀጠሮ

አሜሪካ፣ ከቢከን ሂል ሰፈር በሚወርደው አውቶቡስ ውስጥ፣ የተማረ ሽማግሌ ለመምሰል የማላነበውን የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ዘርግቼ፣ ጆሮዬን ግን ከፊቴ ለተቀመጡት አባትና ልጅ አውሼ ነበር።

«አባዬ፣ ኮሌጁን ለአንድ ዓመት ላቆም ነው።»

«የሕግ ትምህርቱስ?»

«ሎው ስኩል ከዚያ በኋላ አፕላይ አደርጋለሁ። አሁን ደክሞኛል። መጽሐፍ በከፈትኩ ቁጥር ነው የማለቅሰው።»

«አክስትሽን ምን ልበላት?»

«እሷ ደግሞ ምን አገባት?»

«አዲስ አበባ ያለውን ቤቷን ሊነጥቋት ከሰዋት የለ እንዴ? ጠበቃ አልይዝም ብላለች። ‹የወንድሜ ልጅ አሜሪካ ሕግ ጨርሳ ትመጣልኛለች› እያለች ቀጠሮ ታስለውጣለች።»

«አባዬ! የአሜሪካ ሕግ እኮ አዲስ አበባ አይሠራም!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ አትነግራትም?»

«ነገርኳት። ‹ተስፋዬን አትንካብኝ፣ ልጅቷ ብቻ በርትታ ትማር› አለችኝ።»

ልጅቷ በመስኮቱ ዝናቡን አየች።

«እሺ፣ አላቆምም።»

«እያለቀስሽ?»

«እያለቀስኩ።»



እኔም እንባዬ እንዳይታይ ጋዜጣዬን እስከ ባርኔጣዬ ከፍ አድርጌ ይዤ፣ መውረጃዬን አለፍኩ።