የረታው ሰው ይግባኝ

(በከተማው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት፤ ጡረተኛው አናጢ አቶ ማንደፍሮ ማመልከቻቸውን ይዘው በሬጅስትራሯ በየውብዳር ጠረጴዛ ፊት ቆመዋል።)

የውብዳር፦ ጋሼ፣ ውሳኔውን ሁለቴ አነበብኩት። እርስዎ እኮ ረትተዋል።

ማንደፍሮ፦ መርታቴን መች ጠየቅሁሽ? ይግባኜን ተቀበይኝ።

የውብዳር፦ ከደጃፍዎ እግረኛ መንገድ ላይ አግዳሚ ወንበር አስቀምጠው የከተማውን ደንብ ተላልፈዋል ተብለው ተከሰሱ። ዳኛው በነፃ አሰናበቱዎት። ሌላ ምን ቀረ?

ማንደፍሮ፦ ለምን በነፃ እንዳሰናበቱኝ አንብቢው። ጮክ ብለሽ።

የውብዳር፦ «ፍርድ ቤቱ ቦታው ድረስ ሄዶ እንደተመለከተው፣ ዕቃው ወንበር ሳይሆን የተጣለ ግንድ በመሆኑ...»

ማንደፍሮ፦ በቃ፣ እዚያ ላይ አቁሚ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አናጢ ነበርኩ። እጄ መንቀጥቀጥ ሳይጀምር የሠራሁት የመጨረሻ ሥራ እሱ ነው። አንድ ምስማር የለበትም። ቅርፊቱንም ሆን ብዬ ነው የተውኩት፣ ለውበት። አሁን ሰፈሩ ሁሉ «ግንዱ ጋ እንገናኝ» ይባባላል። አፍሬ በጓሮ በር ነው የምወጣው።

የውብዳር፦ ይገባኛል፣ ጋሼ። ግን ይህ ፍርድ ቤት ደንብ ተጥሷል አልተጣሰም የሚለውን ነው የሚያየው። የእንጨት ሥራ የማድነቅ ሥልጣን የለውም።

ማንደፍሮ፦ የታችኛው ታዲያ የማንቋሸሽ ሥልጣን ከየት አመጣ?

የውብዳር፦ እሱስ እውነትዎን ነው። ቢሆንም የረታ ሰው ይግባኝ አይልም። ደግሞስ ወንበር ነው ከተባለ ደንብ አስከባሪዎች ጭነው ይወስዱታል። አርፈው ቢቀመጡበት ምን አለ?

ማንደፍሮ፦ ግንድ ላይ?

የውብዳር፦ ቆይ እስቲ... በዚሁ ጉዳይ ትናንት ሌላ ይግባኝ ገብቷል። ዐቃቤ ሕጉ ናቸው። እሳቸው ስለተረቱ መብት አላቸው።

ማንደፍሮ፦ ምን አለ ደግሞ ያ ሰውዬ? ግንድ መባሉ አንሶት ማገዶ ነው አለ?

የውብዳር፦ «ዕቃው ከቅርፊቱ ሥር በከፍተኛ ጥበብ የተገጣጠመ፣ ዐቃቤ ሕግ ራሱ ተቀምጦ እንዳረጋገጠውም አራት ሰው አደላድሎ የሚይዝ፣ ያማረ አግዳሚ ወንበር ሆኖ ሳለ፣ ግንድ መባሉ መሠረታዊ ስህተት ነው።»

ማንደፍሮ፦ እስቲ ድገሚልኝ።

የውብዳር፦ ጋሼ፣ ይህ እኮ እርስዎን ለማስቀጣት የተጻፈ ነው። መልስ አዘጋጅተው ይከራከሩ።

ማንደፍሮ፦ ምን ብዬ ነው የምከራከረው? ምስክር ካነሰው፣ ለዐቃቤ ሕጉ እኔን መዝግቢኝ።