ኮፍያው ከላይ፣ ሄልሜቱ ከሥር

የምስክሯ መጠሪያ፦ እማማ ኮፍያ (ሰፈሩ የሚጠራቸው፤ የመታወቂያ ስማቸው ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል)
ዕድሜ፦ 61
ሥራ፦ ሹራብና ኪሮሽ መሥራት
አድራሻ፦ ከእንጨት መሰንጠቂያው ፊት ለፊት፣ ሰማያዊ በር ያለው ሱቅ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ማክሰኞ ጠዋት፣ አደጋው በደረሰ ማግስት
ጉዳዩ፦ በሞተር ሳይክልና በቆመ መኪና መካከል የደረሰ ግጭት

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር፣ የሞተሩ አሽከርካሪ የልጄ ባል፣ ከኋላ የተጫነችው የስድስት ዓመት ልጅ ደግሞ የልጅ ልጄ መሆኗን አስቀድሜ አስታውቃለሁ። መርማሪው በዝምድና ምክንያት እውነቱን እንዳላጣምም አስጠንቅቀውኛል። እኔም ለእሱ የማደላ ብሆን ኖሮ ገና ልጄን ሲጠይቅ ባደላሁለት ነበር፣ ያን ጊዜ ስንት ወር እንዳመላለስኩት ራሱ ይመስክር ብዬ መልሻለሁ።

ትናንት ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል በሱቄ በር ላይ ተቀምጬ የሕፃን ካልሲ እሠራ ነበር። በዚህ ሰዓት የልጄ ባል ልጅቷን ትምህርት ቤት አድርሶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ሥራው በሞተር ሰው ማመላለስ ነው። ልጅቷ የፊት ጥርሶቿ ስለወለቁ ወላቃ እያልን እንጠራታለን። በበሬ ባለፉ ቁጥር ያንን ባዶ ድዷን ካላሳየችኝ ቀኑ የነጋላት አይመስላትም። ትናንትም አሳይታኛለች።

ከእኔ አልፈው መድኃኒት ቤቱ ጋ ሲደርሱ፣ ጥግ ይዛ የቆመች ነጭ መኪና ውስጥ የነበረው ሰው ወደ ኋላ ሳያይ በሩን ብርግድ አድርጎ ከፈተው። ሞተሩ በሩን መትቶ ወደቀ። ልጅቷ ተወርውራ በጭንቅላቷ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ መታች። ድምፁን ሰምቻለሁ። እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም፣ ግን ከሁሉ ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ።

ስደርስ ልጅቷ ተነሥታ ተቀምጣለች። «እማማ፣ አበባዬ ተቀደደ!» አለችኝ። አበባዬ ያለችው ኮፍያዋ ላይ የሠራሁላትን ቀይ የኪሮሽ አበባ ነው። እኔ ለጭንቅላቷ ልሞት፣ እሷ ለአበባዋ ታለቅሳለች። አቅፌ ሱቄ አስገባሁና መጀመሪያ ኮፍያውን፣ ቀጥሎ ከሥሩ ያለውን የተሰነጠቀ ሄልሜት አወለቅሁ። ራሷን በጣቶቼ ፈተሽኩ፤ እብጠትም ደምም አልነበረም። የተላጠው ጉልበቷ ብቻ ነው። አባቷ እያነከሰ መጥቶ «እማማ፣ ልጄስ?» ሲለኝ «አለች፣ ምላሷም አለ» አልኩት። እሱም መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። በዚያች ሰዓት እንደወደድኩት ወድጄው አላውቅም።

ወዲያውኑ ልጅቷን ይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን። ሄልሜቱ ሱቄ ውስጥ ቀረ። ትራፊክ ፖሊስ የመጣው እኛ ከሄድን በኋላ ነው። ባለመኪናው ልጅቷ የሱፍ ኮፍያ ብቻ እንጂ ሄልሜት አላደረገችም ብሎ ቃሉን በመስጠቱ ሞተሩ ተይዟል። ልጅ ያለ ሄልሜት መጫኑ ከተረጋገጠ የልጄ ባል የሥራ ፈቃዱን ይነጠቃል ተብሏል። ቤቱ የሚተዳደረው በዚያ ሞተር ነው። ባለመኪናው ዋሽቷል አልልም። ሰው የሚያየው ከላይ ያለውን ነው፣ ከላይ የነበረው ደግሞ ኮፍያ ነው።

መርማሪው ኮፍያ ከሄልሜት በላይ የሚደረገው ስለምን እንደሆነ ጠይቀውኝ እንደሚከተለው አስረድቻለሁ። ባለፈው ዓመት የሰፈራችን የጤና ባለሙያ በድምፅ ማጉያ እየዞረች በሞተር ስለሚሄዱ ልጆችና ስለ ራስ ቁር በቀበሌው አዳራሽ ትምህርት ይሰጣል ስትል ሰማሁ። እኔ ቁር የማውቀው ብርድን ነው። ሄልሜትን ሰው ሁሉ ሄልሜት ነው የሚለው፤ የራስ ቁር የሚባል የመጽሐፍ ስም እንዳለው ማን ነገረኝ? እውነቷን ነው፣ ሞተር ላይ ነፋሱ የልጆቹን ራስ ይፈጃል ብዬ ያለኝን ክር ሁሉ አውጥቼ ኮፍያ ሠራሁ። ዘንቢል ሙሉ ኮፍያ ተሸክሜ አዳራሹ ስገባ ጠረጴዛው ላይ የተደረደረው ሄልሜት ነው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ስሜም የዚያን ቀን ወጣልኝ።

ሄልሜቶቹ አቅም ለሌለው ቤተሰብ በቅናሽ የሚሰጡ ነበሩ፣ ግን ወላጆች እጃቸውን ሰበሰቡ። በእኛ ሰፈር በየቤቱ ያለው ሄልሜት አንድ ነው፤ እሱንም አባትየው ትራፊክ ሲያይ ይደፋዋል፣ ትራፊኩ ሲያልፍ እጀታው ላይ ያንጠለጥለዋል። ልጆቹም እንቢ አሉ። ወላቃማ «ድስት አልደፋም» ብላ መሬት ላይ ተንከባለለች። ያን ጊዜ አንዱን ሰፊ ኮፍያ አንሥቼ ሄልሜቱ ላይ ሳብ አድርጌ አለበስኩት። መንከባለሏን ትታ አየችው። «አበባ ይኑረው» አለች። አበባ ሰፋሁለት፣ ደፋችው፣ አላወልቅም አለች። ሌሎቹ ልጆች ተሻሙ። የጤና ባለሙያዋ እንባዋን እየጠረገች «እማማ፣ በናትዎ ሰፋ ሰፋ አድርገው ይሥሩልኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሄልሜት ያለ ኮፍያ ከአዳራሹ አይወጣም። ጠዋት በበሬ የሚያልፉትን ልጆች ሳይ ደስ ይለኛል፤ ይህም በቃሌ ውስጥ እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተጽፏል።

ዛሬ ሄልሜቱንና ኮፍያውን ይዤ ቀርቤያለሁ። በመርማሪው ፊት ኮፍያውን ሄልሜቱ ላይ አልብሼ አሳይቻለሁ። የኮፍያው ቀዳዳ በሄልሜቱ ስንጥቅ ላይ ልክ አርፏል። መርማሪው ጣታቸውን በቀዳዳው አስገብተው ስንጥቁን ዳስሰዋል። ቀጥሎም ለራሳቸው ልጅ የሚሆን ኮፍያ እንዳለኝ ጠይቀውኛል። መጀመሪያ ሄልሜቱን ይግዙለት ብያቸዋለሁ።

የልጄ ባል ሞተሩ እንዲመለስለት እጠይቃለሁ። ሄልሜቱ እዚሁ ይቅር፤ አንዴ የተመታ ዳግም እንደማይደረግ ተምረናል። አዲስ እስኪገኝ ልጅቷን በእግሯ ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔ ነኝ። ኮፍያውን ግን ስጡኝ። ቀዳዳው ይጠገናል፣ አበባውም ይሰፋል፤ የሚደፋበት ጭንቅላት ቤት በደህና ተቀምጧል።

ይህን ቃል የሰጠሁት ማንም ሳያስገድደኝ ነው። ተነቦልኝ «ቆብ» የተባለው «ኮፍያ» እንዲባል አሳርሜ፣ የቀረው ሁሉ እንዳየሁትና እንደሠራሁት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ____________

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ____________

ከመዝገቡ ጋር የተያያዘ፦ አንድ የተሰነጠቀ የልጅ ሄልሜት። ኮፍያው ለምስክሯ ተመልሷል።