የሰዓት ሠሪው ብዕሮችና የታናሽ ወንድማቸው ቅናት

ዛሬ እኚህን ሰው ለመሸኘት የተሰበሰባችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ የሟችን ዜና ሕይወት ጽፎ እንዲያነብ በቤተሰቡ የታዘዘው፣ አሁን በፊታችሁ የቆመው ታናሽ ወንድማቸው ነው። የታዘዘውም የእጅ ጽሑፉ ያምራል ተብሎ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ ወንድማማቾች ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተኳርፈው መኖራቸውን የማያውቅ ሰው በመካከላችሁ ስለሌለ፣ ያንን ሸፋፍኖ ማለፍ በአስከሬን ፊት መዋሸት መስሎ ስለታየው፣ ያማረውንም ያላማረውንም እንደነበረ አስፍሮታል።

ሟች የእጅ ጽሑፍ መምህር ከነበሩት አባታቸውና በልብስ ስፌት ይተዳደሩ ከነበሩት እናታቸው፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ በምትገኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ ከዛሬ ሰባ አራት ዓመት በፊት የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ እጃቸው ሥራ የማይፈታ ነበርና፣ ገና በስድስት ዓመታቸው የእናታቸውን የስፌት መኪና ብሎን በብሎን ፈትተው መልሰው ገጠሙት፤ እናታቸውም ሊቆጧቸው ተነሥተው ሳለ መኪናው ከበፊቱ ይልቅ ድምፁን አጥፍቶ ሲሠራ ቢያዩ፣ ቁጣቸውን ዋጥ አድርገው ስፌታቸውን ቀጠሉ ይባላል።

ነገር ግን ሟች ግራኝ ነበሩ። በዚያ ዘመን በግራ እጅ መጻፍ እንደ ብልግና ይቆጠር ስለነበር፣ መምህር አባታቸው በሌላው ተማሪ ላይ ያላሳዩትን ጥብቅነት በገዛ ልጃቸው ላይ አሳይተው፣ ግራ እጃቸውን በመሐረብ ከወንበሩ ጋር እያሰሩ በቀኝ እንዲጽፉ አስገደዷቸው፤ የቀኝ እጃቸውም ጽሑፍ ዶሮ የጫረችው መሬት መሰለ። በአራት ዓመት የሚያንሳቸው ወንድማቸው በአንጻሩ ፊደል መቁጠር በጀመረ በዓመቱ እጁ የተባረከ ሆነ። አባታቸው ከራት በፊት የሁለቱንም ደብተር ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ይዘረጉና የታናሹን ከፍ አድርገው፣ «ጽሑፍ ማለት ይህ ነው፤ ያንተን ግን መድኃኒት ቀማሚ እንኳ አያነበውም» ይሉ ነበር። ታናሹ ይስቅ ነበር። ሟች እጃቸውን ኪሳቸው ይከታሉ።

አሥረኛ ክፍልን እንደጨረሱ «ደብተር በቃኝ» ብለው ከአንድ አረጋዊ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ተቀጠሩ። በመድኃኒት ቤትና በጫማ መደብር መካከል እንደ ዕልባት በተሸጎጠችው በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ በየትኛው እጅህ ትሠራለህ ብሎ የሚጠይቃቸው ስላልነበረ፣ ግራ እጃቸው ከእስር ተፈታ። አጉሊ መነጽራቸውን በዓይናቸው ቆንጥጠው፣ የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህለውን ብሎን በወረንጦ ሲያነሡ እስትንፋሳቸውን የሚሰማ አልነበረም። አሠሪያቸው ሲያርፉ ሱቋን ተረክበው፣ ለአርባ አምስት ዓመታት በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ የከተማውን ሰው ሰዓት ሲያክሙ ኖሩ።

ሟች ሃያ ስድስት ዓመት ሲሆናቸው አባታቸው አረፉ። አባትየው ሠላሳ ዓመት የተማሪ ውጤት የሞሉባት፣ ጥቁር አካልና የወርቅ ጫፍ ያላት ብዕር ነበረቻቸው፤ እርሷም በአባትየው ኑዛዜ ለበኩር ልጅ ተሰጠች። በዚያን ጊዜ ታናሹ በአንድ ኮሌጅ ሬጅስትራር ቢሮ ተቀጥሮ፣ በተመራቂዎች የምስክር ወረቀት ላይ ስም በእጁ የሚጽፍ ሠራተኛ ነበር። ብዕሯ ለእርሱ እንደምትገባ ለአንድ አፍታ እንኳ ተጠራጥሮ አያውቅምና፣ ከለቀስተኛው መካከል ቆሞ፣ «ለማይጽፍ ሰው ብዕር፣ ለመላጣ ሚዶ!» አለ። ወሬ እግር የለውም ሲሉት ይሮጣል፤ ያች ቃል ጀንበር ሳትጠልቅ ከታላቁ ጆሮ ደረሰች።

ከጥቂት ዓመት በኋላ አንዲት ነርስ ቆሞ የቀረ ሰዓታቸውን ሊያሠሩ ወደ ሱቋ መጡ። ሁለተኛ ጊዜ የመጡት ሰዓቱ ይዘገያል ብለው ነው። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ሰዓቱ ምንም አልነበረበትም፤ ሟችም ይህን አውቀው ሰዓቱን ሦስት ቀን ካሳደሩት በኋላ ራሳቸው ነርሷ ቤት ድረስ አደረሱት። እንዲህ ተጀምሮ የጸናው ትዳራቸው አርባ አራት ዓመት የዘለቀ ሲሆን፣ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተውበታል።

ብዕር መሰብሰብ የጀመሩት ከአባታቸው ብዕር ተነሥተው ነው። ደንበኞች ከተሰበረ ሰዓት ጋር የተሰበረ ብዕርም ያመጡላቸው ነበር፤ እርሳቸውም ጠግነው፣ ወልውለው፣ ባለ መስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ በአረንጓዴ ከፋይ ላይ ያስተኟቸዋል። በመጨረሻ ቁጥራቸው መቶ ስድሳ ሦስት ደረሰ፤ እጃቸው ከገቡ ወዲህ ግን ለብዙ ዓመታት አንዳቸውም ቀለም አልቀመሱም። ባለቤታቸው «ጣውንቶቼ» ይሏቸው ነበር፤ «አንዲት ጣውንት ቢያመጣብኝ ይሻለኝ ነበር፤ አንዷን ፀጉሯን ይዤ አስወጣታለሁ፤ መቶ ስድሳ ሦስቱን በየትኛው ጉልበቴ?» እያሉ ጎረቤት ሲያስቁ፣ ሳቁ ግን ሙሉ በሙሉ ሳቅ እንዳልነበረ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ዘወትር ቅዳሜ የብዕር ወዳጆች በአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ይሰበሰቡ ነበር። ባለ መደብሩ ለገዢ ሁሉ «ለመጻፍ ነው ለማስቀመጥ?» የሚል ጥያቄ ከአፋቸው የማይጠፋ ሰው ነበሩና፣ ከዚያች ጥያቄ የተነሣ ጉባኤው ለሁለት ተከፍሎ ይከራከራል። የጸሐፊዎቹ አፈ ጉባኤ ታናሹ ወንድም ነበር። ሃያ ዓመት የጻፈባት የገዛ ብዕሩ ጫፏ በእጁ አያያዝ ልክ ተሞርዶ ሌላ ሰው ሊጽፍባት እንደማይችል እያሳየ፣ «ብዕር የሚገደለው በመጻፍ ሳይሆን በማስቀመጥ ነው» ይል ነበር። ሟች ፈገግ ብለው፣ «ውኃም እኮ በእንስራ ይቀመጣል» ከማለት በቀር አይከራከሩም። ሰው ሁሉ ታናሹ ስለ ብዕር ክብር የሚሟገት ይመስለው ነበር። እውነቱ ግን ቅናት ነው። ታላቁ አዲስ ብዕር ባገኙ ቁጥር ታናሹ በእጁ መዘን አድርጎ፣ «ደግ ነው» ብሎ ይመልስና ቤቱ ይገባል፤ የሚበላው አይጥመውም፤ የገዛ ብዕሩም ያን ቀን እንደ እንጨት ትከብደዋለች።

የሟች ታላቋ ልጅ ስትዳር፣ የጋብቻው መዝገብ ለምስክሮች ፊርማ በሟች ቤት ሳሎን ቀረበ። ታናሹ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ቦታ ያውቅ ነበርና፣ ከፍቶ የአባታቸውን ብዕር አወጣ፤ ቀለም ሞልቶም ለመፈረም ጎንበስ አለ። አባታችን በልጅቷ ሠርግ ላይ እንዲገኙ ብዬ ነው ሲል ለራሱ ነግሮት ነበር፤ ይህም ቢሆን ግማሹ ብቻ እውነት ነው። በብዕሯ ሆድ ቀለም የሚይዘው ጎማ በዕድሜ ብዛት ደርቆ ተሰነጣጥቆ ኖሮ፣ ገና ፊርማውን ሳይጨርስ ቀለሙ ዥው ብሎ በመዝገቡ ገጽና በሙሽራዋ ነጭ እጅጌ ላይ ፈሰሰ። ሟች ብዕሯን ከወንድማቸው እጅ ተቀብለው በመሐረባቸው ጠቀለሏትና፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «እጅህ የፈለገውን ሁሉ አግኝቷል፤ ይህቺን እንኳ ተውልኝ። አሁን ውጣ» አሉት።

ወጣ። ዘጠኝ ዓመትም አልተመለሰም። አንዱ ወደ መደብሩ ጠዋት ሲሄድ ሌላው ከሰዓት በኋላ መሄድ ጀመረ፤ መንገድ ላይ ሲተያዩ አንዳቸው ይሻገራሉ። የሟች ባለቤት ሽማግሌ ቢልኩም፣ ታናሹ «ለአንዲት ብዕር ወንድሙን የሸጠ እሱ ይምጣ» ብሎ መለሳቸው።

ባለፈው ዓመት ሟች በሳንባ ሕመም ተይዘው፣ ከሁለት ወር በፊት ሐኪሞች ተስፋ መቁረጣቸው ሲታወቅ፣ ባለቤታቸው ሽማግሌውን ትተው ራሳቸው ታናሹ ቤት ድረስ ሄዱ። «ሞት ከመጣ በኋላ ብትመጣ በር አልከፍትልህም» አሉት። በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ሲሄድ፣ ሟች አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው፣ ጉልበታቸው ላይ ጣውላ አድርገው፣ ወረቀቱን አግድም አዙረው በግራ እጃቸው ሲጽፉ አገኛቸው። ከሠርጉ ቀን ጀምሮ በየዕለቱ ሲጽፉ ኖረው ነበር። የተጠገኑትን ብዕሮች ጎማቸውን እየቀየሩ፣ በተራ በተራ ቀለም እየሞሉ፣ ሰዓት በሚሠሩበት ጠረጴዛ ላይ ስምንት ደብተር ሞልተዋል።

«እስቲ እየው፤ እንዴት ነው?» አሉት፤ ደብተሩንም እንደ ተማሪ ዘረጉለት።

ፊደሉ ንፋስ እንዳጎነበሰው ሣር ሁሉም ወደ ግራ ያዘነበለ ነበር፤ ቢሆንም ይነበባል። በአንዱ ገጽ ላይ፣ «ዛሬ የፖስታ ቤቷ ጸሐፊ ሰዓቷን አመጣች፤ አሥር ደቂቃ ይዘገያል ትላለች፤ የምትዘገየው ግን ራሷ ናት» የሚል ነበር። በሌላው ላይ ደግሞ፣ «ወንድሜን ከመንገዱ ማዶ አየሁት፤ ኮቱ አርጅቷል፤ ልጠራው አልኩና አልጠራሁትም» ይላል። ታናሹ ይህን ሲያነብ፣ በሠርጉ ቀን «እጅህ የፈለገውን ሁሉ አግኝቷል» ያሉት ትዝ አለው።

«በእኔ ጽሑፍ ትቀና ነበር እንዴ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«መቅናት ብቻ? ታምሜ ነበር እንጂ» አሉት። «አባታችን ደብተርህን ባነሡ ቁጥር ይህቺን ግራ እጄን ልቆርጣት ይቃጣኝ ነበር። ከብዕር ጋር መኖር እፈልጋለሁ፤ ሰው እንዲያነበኝ ግን አልፈልግም። ታዲያ ሰብስቤ ከማስቀመጥ ሌላ ምን ላድርግ?»

ታናሹም በተራው ስለ ብዕሯ እንዴት ሲቃጠል እንደኖረ ነገራቸው፤ ሁለቱም ሳል እስኪያፍናቸው ሳቁ። የሟች ሳል ግን የሕመም ነበር። ታናሹ ግን ሌላም ቅናት ይዞት እንደነበር ዛሬ ያምናል፤ አርባ ዓመት የስንቱን ሰው ስም በወርቃማ እጁ ሲጽፍ የኖረ ሰው፣ የራሱ የሆነ አንዲት መስመር ጽፎ አያውቅም ነበርና።

ከዚያ በኋላ ሰባት ሳምንት በየቀኑ ተገናኙ። ታናሹ የ«ሀ»ን አጣጣል ላሳይህ ቢላቸው፣ «በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ሌላ አስተማሪ አልፈልግም» ብለው እጁን መለሱት። ብዕሮቹን አብረው ለዩ፤ አብዛኞቹን ይጻፍባቸው ብለው ለቅዳሜ ወዳጆቻቸውና ለልጅ ልጆቻቸው አደሉ። ከፋብሪካ እንደወጡ ሳይነኩ የቆዩትን አሥራ ሁለቱን ግን፣ «እነዚህ የማንም እጅ አልለመዱም፤ እንዲህ የሚቀር ነገርም በዓለም ላይ ይኑር» ብለው በቁም ሳጥኑ ውስጥ አስቀሯቸው። የአባታቸውን ብዕር ጠግነው፣ ጠርገው፣ ለባለቤታቸው ሰጡ። ታናሹ እዚያው ተቀምጦ ብዕሯን በዓይኑ ተከተላት። ሰው ታርቆም ይቀናል። ባለቤታቸውም ብዕሯን በማግሥቱ ከፍተው፣ «ሽንኩርት፣ ሳሙና፣ ክብሪት» ብለው ጻፉባትና ወረቀቱን ይዘው ገበያ ወጡ፤ ሟችም በመስኮት እያዩዋቸው ደስ አላቸው።

ሕመሙ እየበረታ ሄዶ፣ ሟች ከትናንት በስቲያ ጠዋት፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት፣ ታናሽ ወንድማቸው ግራ እጃቸውን እንደያዘ በሰላም አረፉ።

ሟች አርባ አራት ዓመት በፍቅር አብረዋቸው የኖሩትን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውንና ወንድ ልጃቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ የቅዳሜ ወዳጆቻቸውን፣ እንዲሁም ከእንግዲህ በዚህ ዓለም የሚቀናበት ሰው የሌለውን ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል።

ፈጣሪ የደከመች ነፍሳቸውን በምሕረቱ ጥላ ሥር ያሳርፍ። ለቀረነውም፣ ሞት ሳይቀድመን እርስ በርስ የምንጠራራበትን ድፍረት ይስጠን።