የኦታኪን ዓይን በገዛ እጃቸው የሣሉት የወይዘሮ ታዙኮ ኒሺሞሪ ዜና ሕይወት

ክቡር መነኩሴያችን፣ የሱሳኪ ወደብ ሰዎች፣ ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ ይህን አዳራሽ የሞላችሁ አንባቢዎቻቸው፣ ሐዘናችንን ስለተካፈላችሁ ቤተሰቡ ያመሰግናል። እኔ ታናሽ እህታቸው ፉሚ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ዓሣ ገበያ ውስጥ በመጮህ ስለሆነ ድምፄ ቢበዛባችሁ ታገሡኝ። ሟች ራሳቸው «ፉሚ ታንብበው፤ ሌላ ሰው ካነበበው ሕዝቡ እንቅልፍ ይወስደዋል» ብለው አዘዋል።

ወደ ታሪካቸው ከመግባቴ በፊት ግን ሁላችሁም ልታውቁት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። የሟችን የሥዕል ታሪክ የሚያትመው መጽሔት አዘጋጅ አቶ ካጊሞቶ፣ እነሆ ከፊት ተቀምጠዋል፣ ትናንት ለቅሶ ሲደርሱ ለቤተሰቡ አንድ ጥያቄ አቅርበዋል። ሟች ሳይጨርሱት በሄዱት የመጨረሻ ገጽ ላይ አንድ ፊት ባዶውን ቀርቷል፤ ይህን ፊት ሌላ እጅ ይሣለውና መጽሔቱ ይውጣ ወይ? ብለዋል። መልሱን ዛሬ፣ እዚሁ፣ በሰው ፊት እንሰጣለን። መልሱ እንዲገባችሁ ግን መጀመሪያ ሴትዮዋን እወቋቸው።

ወይዘሮ ታዙኮ ኒሺሞሪ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ በዘጠነኛው ዓመት፣ በቀርከሃ ዘንግ ካትሱኦ ዓሣ እያጠመዱ ቤተሰባቸውን ያስተዳድሩ ከነበሩት ከአባታችን ከአቶ ታኬዞና ከእናታችን ከወይዘሮ ኢሳዮ በዚሁ በሱሳኪ ተወለዱ። የዚህ አገር ሴት መጠጥም ክርክርም አትፈራም ይባላል፤ እርሳቸው ክርክሩን የጀመሩት ጥርስ ሳያበቅሉ ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በከተማችን ትምህርት ቤት ገብተው ሂሳቡንም ንባቡንም እንደነገሩ ተማሩ፤ ሥዕሉን ግን ማንም ሳያስተምራቸው በዓሣ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ይሠሩት ነበር። አንድ ቀን መምህራቸውን ኦክቶፐስ አድርገው ሣሏቸውና ተያዙ።

«ይህ ማነው?» አሉ መምህሩ።

«እርስዎ ነዎት፤ ስምንት እጅ ቢኖርዎት ኖሮ ጠመኔው ሁልጊዜ ባልወደቀብዎት ብዬ ነው።»

እናታችን ተጠርተው መጡ። ሥዕሉን አገላብጠው፣ መምህሩን ቀና ብለው አይተው፣ መልሰው ሥዕሉን አይተው፣ «አፍንጫው እንኳ ምንም አልቀረው» ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ትምህርታቸውን እንደጨረሱ ቶኪዮ ሄጄ ማንጋ የሚባለውን የሥዕል ታሪክ እሣላለሁ ባሉ ጊዜ አባታችን «ሥዕል ተሥሎ ምን ይበላል?» ቢሏቸው «ቀለሙን እልሳለሁ» ብለው ባቡር ተሳፈሩ። እዚያም በአንድ አንጋፋ ሠዓሊ ቤት በረዳትነት ተቀጥረው፣ ዓመታት ሙሉ ዝናብና የጣራ ክዳን ብቻ እየሣሉ፣ ጣታቸው እስኪጠቁር ሙያውን ተማሩ። በኋላ ዓለም ሁሉ የወደደላቸውን ኦታኪን የፈጠሩት ያን ጊዜ ነው። ኦታኪ በጥንት ዘመን በእንጨት በተሠራች ከተማ የምትኖር፣ የእሳት አጥፊዎችን ዓርማ ተሸክማ በሚነድ ጣራ ላይ የምትቆም፣ ወንዶቹ ሁሉ «ውረጂ!» ቢሏት የማትወርድ ልጃገረድ ናት። የያኔው አዘጋጅ ሥዕሉን አይቶ «ጥሩ ነው፤ ግን ልጅቷ ትንሽ ትውደድ እንጂ። አንድ መልከ መልካም ሳሙራይ ይምጣላት» አለ።

«ቤቱ እየተቃጠለ ነው እኮ» አሉት። «ባልዲ ከያዘ ይምጣ።»

ሳሙራዩ ሳይመጣ ታሪኩ ታተመ። አንባቢ የትኛውን ታሪክ እንደወደደ በፖስታ ካርድ ጽፎ ይልካል፤ ካርድ ያጣ ታሪክ ደግሞ ከመጽሔቱ ይቆረጣል። ኦታኪ ካርዱን እንደ ሰርዲን በመረብ አፈሰችው! ከሠላሳ ዓመት በላይ ከጣራው የሚያወርዳት ጠፋ።

በዚህ መካከል ከአናጢው ከአቶ ዮጂሮ ጋር ትዳር መሠረቱ። ቤታችን ወንድ ልጅ ስላልነበረው አቶ ዮጂሮ የእኛን የቤተሰብ ስም ተቀብለው ገቡ። የወደቡ ሰዎችም «ዮጂሮ፣ ስምህን ጣልክ፤ ሱሪህስ?» እያሉ ሲያሾፉባቸው «ሱሪማ አለኝ፤ የእሷንም የማጥበው እኔ ነኝ» እያሉ አፋቸውን ያስይዟቸው ነበር። ልጃቸው ሺሆ ከተወለደች በኋላ ወደ ሱሳኪ ተመልሰው ከባሕሩ ትይዩ የሥራ ክፍል ከፈቱ፤ ረዳቶቻቸውም ተከትለዋቸው መጡ።

አሁን አሠራራቸውን ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። በዚህ ሙያ ቤቱን፣ ሕዝቡን፣ ጭሱን ረዳት ይሥለዋል፤ ነውርም የለበትም። እትዬ ታዙኮ ግን የኦታኪን ፊት፣ ይልቁንም ዓይኗን፣ ለማንም ሰጥተው አያውቁም። ዓይኗን ሲሥሉ እርሳቸውም አብረው ይቆጡ፣ አብረው ያለቅሱ ነበር፤ አቶ ዮጂሮ በበሩ አጮልቀው ያዩና «ዛሬ ኦታኪ ተናዳለች፤ ሾርባው ይቆይ» ይሉ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እጅ የሚያንቀጠቅጥ ሕመም ያዛቸው። አቶ ካጊሞቶም ኬክ ይዘው መጥተው፣ ተንበርክከው ተቀምጠው፣ በትሕትና «መምህር፣ እባክዎ ይረፉ። ዓይኑን ወይዘሪት ኦጊኖ ትሣለው፣ ስሙ የእርስዎ ይሁን። ማንም አይለየውም» አሉ። ወይዘሪት ኦጊኖ ከወጣትነቷ ጀምራ አብራቸው የሠራች ዋና ረዳታቸው ናት።

«አቶ ካጊሞቶ፣ ባለቤትዎ ቢታመሙ ጎረቤቷን በእሳቸው ስም እየጠሩ ይኖራሉ?»

«ኧረ እኔ እንደዚያ…»

«በሉ እንግዲህ። ኬኩን ግን ያስቀምጡት።»

ኦጊኖ ከመጋረጃው ጀርባ ሳቋን ልትይዝ ስትል ቀለሙን ደፋችው!

ከዚያ ወዲያ መስመሩ ተንቀጠቀጠ፤ አልደብቃችሁም። ካርዱም ቀነሰ። አንዷ አንባቢ «ሥዕሉ ተበላሽቷል፤ ይበቃዎታል» ብላ ብትጽፍ «ይህቺ ሴት ዓይን አላት» ብለው ካርዷን ከጠረጴዛቸው በላይ ለጠፉት፤ እንደገናም ተቀመጡ። የእጃቸውን አንጓ በመሐረብ ከጠረጴዛው ጋር እያሰሩ፣ ለአንዲት ዓይን አንድ ሙሉ ጠዋት እየፈጁ ሣሉ። ሐኪሙ ሥራ ያቁሙ ቢላቸው «ስተኛም ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡ ካልቀረ ይሥራበት» አሉት። እንዲህ ያለ ሰው ነው ዛሬ የምንሸኘው!

የመጨረሻው ገጽ ላይ ኦታኪ ከተማዋ ከዳነች በኋላ በጣራው ጫፍ ቆማ ወደ እኛ ትዞራለች። ጭሱ ተሥሏል፣ ክዳኑ ተሥሏል፣ ከታች የሚጮኸው ሕዝብ ተሥሏል፣ ፀጉሯም ሳይቀር ተሥሏል። ወይዘሮ ታዙኮ ባለፈው ሳምንት ብዕራቸውን አስቀምጠው «ምሳ በልቼ ፊቷን እሠራለሁ» አሉ፤ በገለባ እሳት የተለበለበ ካትሱኦ በሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱ አነሰ ብለው አቶ ዮጂሮን ተቆጡ፣ ጥቂት ጋደም እንዳሉም በተወለዱ በስድሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ትናንት አቶ ካጊሞቶ ጥያቄውን ሲያቀርቡ ሁላችንም ወደ ኦጊኖ ዞርን። እንዲህ አለች፦ «እችላለሁ። ማንም አያውቅብኝም። የማልሥለውም ለዚሁ ነው።» አቶ ዮጂሮ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ፤ ሺሆም አለቀሰች፤ ነገሩ በዚሁ አለቀ።

እንግዲህ የቤተሰቡ መልስ ይኸው፦ አይሣልም! ፊቱ ነጭ እንደሆነ ይታተማል። አቶ ካጊሞቶ አንባቢ ስሕተት ይመስለዋል ብለዋል፤ ስሕተት አይደለም፣ ሞት ነው፤ ሞትን ደግሞ በሰው እጅ ቀለም ቀብተን የለም አንልም። ይቆጣል ብለዋል፤ ይቆጣ! ካርዱን ለእኔ ይላክ፤ ዓሣ ገበያ ፉሚ ያለ ሰው ያገኘኛል። ይህቺ እህቴ እንደ ኦታኪ ዕድሜ ልኳን ውረጂ ሲሏት አልወረደችም፤ ሞታ አናወርዳትም።

ወይዘሮ ታዙኮ ኒሺሞሪ የአንዲት ሴት ልጅ እናትና የአንድ የልጅ ልጅ አያት ነበሩ። ባለቤታቸውን አቶ ዮጂሮን፣ ልጃቸውን ሺሆን፣ የልጅ ልጃቸውን ሪኩን፣ እህታቸውን እኔን፣ እንደ ልጅ ያሳደጓትን ኦጊኖን፣ እንዲሁም በጣራ ላይ እንደቆመች የቀረችውን ኦታኪን ትተው ሄደዋል። ቡድሃ በንጹሕ ምድሩ ይቀበላቸው፤ ብዙ የደከመችውን ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን፤ ለእኛም ያንን ነጭ ፊት ደፍረን የምናይበት ዓይን ይስጠን።